አሥራ አንድ ዓመት ላይ የሚዘጋ በር

ባለፈው ግንቦት ደቡብ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ የዘመድ ልጅ ክርስትና ተጠርተን ሄድን። ዶሮው ገና ሳይቀርብ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ የምላቸው ሰው ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው "አንቺ ልጅ፣ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነሽ አይደል?" አሉኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሌላ ጥያቄ አስከትሎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መጣም። ትንሿ ልጃቸው መስከረም ላይ ኢሌቨን ፕላስ ትፈተናለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሰዓት ባስጠናት እንደ ውጭ አስጠኚ ይከፍሉኛል፤ ዘመድ ነን ብዬ እንዳላፍር።

"ይቅርታ ጋሼ፣ አልችልም።"

"ጊዜ የለሽም?"

"ጊዜስ አለኝ።"

በቃ፣ እዚያ ላይ ነገሩ ተበላሸ። እናቴ ከማዶ ሆና በዓይኗ ወጋችኝ። ጋሼ ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ሳቅ አሉና "ታዲያ ኮምፕረሄንሲቭ ትግባ ነው የምትይኝ? የማንም ልጅ የሚታጎርበት? ሆላንድ ፓርክን እኮ አይተነዋል! የሶሻሊስቶች ኢተን ሲባል ኖሮ ምን ሆነ?" አሉ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ላድብሮክ ግሮቭ ስለኖሩ ያንን ትምህርት ቤት የገዛ ቤታቸው ያህል ነው የሚያወሩት። ዛሬ የሚኖሩት ቤክስሊ ነው። ለምን ቤክስሊ ሄዱ ቢባል፣ ቤክስሊ ውስጥ እስከ ዛሬ ግራመር ስኩል ስላለ ነው።

ክርስትና ላይ ክርክር አይከፈትም። ዶሮው ቀረበ፣ በላን፣ ተመራርቀን ተለያየን። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በደንብ አታናግረኝም። ስለዚህ የዚያን ዕለት የዋጥኩትን እዚህ ልትፋው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ይሳሳታልና። ደሴ ወይዘሮ ስኂን ወይም አዲስ አበባ ኮከበ ጽባህ የተማረ ሰው "አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት" የሚለውን ስም ያውቀዋል። ኮምፕረሄንሲቭ ማለት ነው። ግን እኛ ዘንድ አጠቃላይ የተባለው ትምህርቱ ነው፤ ከቀለም ትምህርቱ ጎን የእጅ ሥራውም፣ ንግዱም፣ ባልትናውም በአንድ ግቢ ይሰጥ ስለነበር። እንግሊዝ አገር አጠቃላይ የተባለው ልጁ ነው። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ፣ ያለ መግቢያ ፈተና፣ በአንድ በር። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ጋሼ "የማንም ልጅ የሚታጎርበት" ሲሉ ለመስደብ ነበር። ሳያውቁት ግን የትምህርት ቤቱን ዓላማ ነው የተናገሩት።

ከዚያ በፊት የነበረውን ካላወቅን ይህ ሐሳብ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይገባንም። በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ ሁለተኛ ደረጃን ለሁሉም ልጅ ነፃ አደረገ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዚያ በፊት የድሀ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ ወደ ፋብሪካ ነበር የሚሄደው። ግን በዚያው እጃቸው ልጆቹን ለዩአቸው። አንደኛ ደረጃ ሲጨርሱ አንድ ፈተና ይሰጣል፦ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና "የተፈጥሮ ብልህነትን ይለካል" የተባለ ጥያቄ። ያለፈው ግራመር ስኩል ይገባል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ቢሮ። የወደቀው ሰከንደሪ ሞደርን ይገባል፣ ከዚያ በአሥራ አምስት ዓመቱ ወደ ሥራ፤ ብዙዎቹ አንድም የምስክር ወረቀት ሳይዙ። መሐል ላይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይኖራል ተብሎ ነበር፤ በአብዛኛው አገር ሳይሠራ ቀረ። ግራመር የሚገባው በአማካይ ከአራትና ከአምስት ልጅ አንዱ ነበር፣ እንደ ክልሉ ይለያያል። ልብ በሉ፦ የሚለያየው የልጆቹ ጭንቅላት ሳይሆን ክልሉ ውስጥ ያለው የወንበር ቁጥር ነው። ወንበር የበዛበት አካባቢ ብልህ ልጅ ይበዛል ማለት ነው? ኧረ!

የሴቶቹ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በዚያ ዕድሜ ሴት ልጆች በፈተናው ከወንዶች የተሻለ ያመጡ ነበር። ባለሥልጣኖቹ ምን አደረጉ? በብዙ ቦታ የሴቶቹን ማለፊያ ነጥብ ከፍ አደረጉት፤ አለበለዚያ ግራመር ስኩሉን ሴት ሊሞላው ነው። የወንዶቹ ወንበር እንዳይነካ አንዲት ልጅ ከጎኗ ካለው ወንድ የበለጠ አምጥታ "ወድቀሻል" ተባለች። ይህን ነው እንግዲህ "በችሎታ መለየት" የሚሉት።

ሳይንሱስ? ብልህነት በብዛት የሚወረስ ነው፣ በልጅነት ይለካል፣ አይለወጥም የሚለውን እምነት እንደ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሲሪል በርት የተከለው ሰው የለም። በርት ለዚህ የሰር ማዕረግ አግኝቶ በ1971 ሞተ። ከሞተ በኋላ ሰዎች ተለያይተው ስላደጉ መንትዮች የጻፋቸውን ጥናቶች መረመሩ። ቁጥሮቹ ከመጠን በላይ የተመሳሰሉ ሆነው ተገኙ፤ ረዳቶቼ ናቸው ያላቸው ሁለት ሴቶች በእርግጥ ይኑሩ አይኑሩ ራሱ ትልቅ ክርክር አስነሣ። ተከላካዮች ዛሬም አሉት። ግን አንድን ትውልድ በሙሉ የሚለይ ፈተና እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ተደግፎ ሲቆም ምን ይባላል?

ጋሼን ግን ይገቡኛል። የሚኒስትሪና የማትሪክ ልጅ ናቸው። ከአንድ ክፍል ጥቂት ሰው ያለፈበትን ዘመን ኖረው ከጥቂቶቹ አንዱ ሆኑ። ለእሳቸው ፈተና ማለት ፍትሕ ነው፦ የባለሥልጣንም የገበሬም ልጅ አንድ ወረቀት ፊት ይቀመጣል፣ ያለፈ ያልፋል። እውነት ነው፣ በጉቦና በዘመድ ከሚሰጥ ወንበር በፈተና የሚሰጥ ወንበር ይሻላል። ግን ሕፃኗ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኢሌቨን ፕላስ ይባል እንጂ ብዙዎቹ የሚፈተኑት ገና በአሥር ዓመታቸው ነው። ማትሪክ ቢያንስ የመላጨት ዕድሜ ለደረሰ ሰው ነበር!

ወደ ሆላንድ ፓርክ ልምጣ፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያመጡት።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1958 ነው። ቦታው ካምደን ሂል፣ ኬንሲንግተን፤ ለንደን ውስጥ ውድ ከሚባሉት ኮረብታዎች አንዱ። የለንደን ካውንቲ ካውንስል ለሁለት ሺህ ገደማ ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት እዚያ ልሥራ ሲል የሰፈሩ ባለጸጎች ተቃወሙ። ጫጫታው፣ ሕንፃው፣ የዛፎቹ ነገር እያሉ። ስለ ልጆቹ ማንነት ጮክ ብሎ መናገር ነውር ስለሆነ ስለ ዛፍ ይወራል። ተሠራ ግን። ግቢው ውስጥ ሳይፈርስ የቀረ ቶርፕ ሎጅ የሚባል አሮጌ ቤት አለ። ሞንታጉ ኖርማን፣ ከ1920 እስከ 1944 የእንግሊዝ ባንክ ገዥ የነበረው ሰው፣ የኖረበት ነው። የባንክ ገዥው ቤት የአናጺና የአውቶቡስ ነጂ ልጆች ትምህርት ቤት አካል ሆነ። ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ያ ዓመት ደግሞ ተራ ዓመት አልነበረም። የዚያው የ1958 ረጅሙ ዕረፍት ሲያልቅ፣ ከትምህርት ቤቱ በእግር በሚደረስበት ኖቲንግ ሂል ነጭ ወጣቶች የካሪቢያን ስደተኞችን ሌሊት ለሌሊት ያሳድዱ፣ ቤታቸውን ያጠቁ ነበር። የዚያ ረብሻ ወሬ ሳይበርድ ነው አዲሱ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው። ያ አውራጃ ዛሬም ሁለት አገር ነው። በደቡቡ የሚሊዮኖች ቪላ፣ በሰሜኑ በ2017 ሰባ ሁለት ሰው ያቃጠለው ግሬንፌል ሕንፃ፤ ከሞቱት መሐል የሐበሻ ቤተሰብ ልጆችም ነበሩ። የሁለቱን አገር ልጆች በአንድ በር ላስገባ የሚል ተቋም እዚያ መሐል መቆሙ ራሱ ድፍረት ነበር።

በ1964 የሌበር ፓርቲው ቶኒ ቤን ወንዶች ልጆቹን ዌስትሚኒስተር ከሚባለው ውድ የግል ትምህርት ቤት አስወጥቶ ሆላንድ ፓርክ አስገባቸው። ጋዜጦቹ ነገሩን ወደዱት። "የሶሻሊስቶች ኢተን" የሚለው ቅጽል የመጣው እንደ እነሱ ካሉ ቤተሰቦች ጋር ነው። ቅጽሉን ልብ ብላችሁ ስሙት። ጥሩ ትምህርት ቤት ሲያዩ የሚመስላቸው ነገር ኢተን ብቻ ነው! ሁለት ሺህ የሰፈር ልጅ፣ ከውስጣቸው ጥቂት የታዋቂ ሰው ልጆች፤ የተወራው ስለ ጥቂቶቹ ነው። ጋሼም ያንኑ ወሬ ነው ከላድብሮክ ግሮቭ ይዘው የመጡት።

ስለ ቶኒ ቤን ብዙ ተብሏል፤ እኔን ይበልጥ የምትገርመኝ ባለቤቱ ካሮላይን ቤን ናት። አሜሪካ የተወለደች፣ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የሠራች፣ ልጆቿ ጨርሰው ከወጡ በኋላም ያልወጣች ሴት። በ1970 ከብራያን ሳይመን ጋር የመላ አገሪቱን ኮምፕረሄንሲቭ ትምህርት ቤቶች የሚዳስስ መጽሐፍ አሳተመች። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ "ግማሽ መንገድ" እንደማለት ነው። ልብ በሉ፣ ደጋፊዎቹ ራሳቸው ገና በ1970 "አልጨረስንም" እያሉ ነበር። ያልተጨረሰን ቤት ጣሪያው ያፈስሳል ብሎ መክሰስ ከዚያ በኋላ የመጣ ፈሊጥ ነው።

እንዴት ሳይጨረስ ቀረ? በ1965 የትምህርት ሚኒስትሩ አንተኒ ክሮስላንድ ቁጥሩ 10/65 የሆነ ታዋቂ ሰርኩላር አወጣ። ለየአካባቢው ባለሥልጣን ኢሌቨን ፕላስን ትታችሁ ወደ ኮምፕረሄንሲቭ የምትሸጋገሩበትን ዕቅድ አቅርቡ ይላል። ግን "ታዘዋል" አላለም፤ "ትጠየቃላችሁ" ነው ያለው። አንድ ግሥ ነው ልዩነቱ። በትህትና የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ይችላል፤ ኬንት እምቢ አለ፣ እስከ ዛሬ የአውራጃውን ልጆች በፈተና ይለያል። ደግሞ የሚያስቀው፣ ብዙ ግራመር ስኩል ወደ ኮምፕረሄንሲቭ የተለወጠው በማን ጊዜ መሰላችሁ? ከ1970 እስከ 1974 የትምህርት ሚኒስትር በነበረችው በማርጋሬት ታቸር። ወድዳ አይደለም። ወላጆች፣ የገዛ ፓርቲዋ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ከአምስት ልጆቻቸው አራቱን "ወድቀሃል" የሚል ደብዳቤ መቀበል ስለሰለቻቸው ነው። ይህን ታሪክ የግራመር ናፋቂዎች አያወሩትም። ኢሌቨን ፕላስን የገደለው ሶሻሊስት ብቻ አልነበረም፤ ልጁ የወደቀበት መካከለኛ ገቢ ያለው ሰውም ነው።

ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ 163 ግራመር ስኩሎች ቀርተዋል። ከመቶ ሰባት ገደማ የሚሆኑ ልጆች ደግሞ የግል ትምህርት ቤት ናቸው። አስቡት እስቲ፦ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በአንድ በር ይግባ ትላለህ፣ ከዚያ ገንዘብ ላለው ሌላ በር፣ አስጠኚ መቅጠር ለሚችለው ሦስተኛ በር፣ ጥሩው ትምህርት ቤት አጠገብ ቤት መግዛት ለሚችለው አራተኛ በር ትተዋለህ። በአንደኛው በር የቀሩትን ልጆች ቆጥረህ "ይኸው ኮምፕረሄንሲቭ አልሠራም" ትላለህ። በ2001 የሌበር መንግሥት ቃል አቀባይ የነበረው አላስተር ካምቤል ስለ ተራ ኮምፕረሄንሲቭ ትምህርት ቤቶች በንቀት ተናግሮ ቃሉ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የገዛ ፓርቲው በሠራው ቤት ላይ! የጠላትስ ይሁን።

ሆላንድ ፓርክም ከዚህ ሁሉ አላመለጠም። ከግቢው ከፊሉ ለቤት ገንቢዎች ተሸጠ፤ በዚያ ገንዘብ በ2012 የተከፈተው የሚያብረቀርቅ አዲስ ሕንፃ ተሠራ። ልጆች የሚሮጡበት መሬት በነበረበት የቱጃር መኖሪያ ቆመ። በ2013 ትምህርት ቤቱ አካዳሚ ሆነ፤ ማለት ከአውራጃው አስተዳደር ወጥቶ በቀጥታ ከማዕከላዊ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል። በ2022 ብዙ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ትልቅ ድርጅት ይረከበው ሲባል ተማሪዎችና ወላጆች ተቃውሞ ወጡ። ድርጅቱ በ2023 ተረከበው። "ሆላንድ ፓርክ ምን ሆነ?" ለሚለው ለጋሼ ጥያቄ እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው። የማንም ልጅ ስለገባበት አይደለም የተቸገረው። ከልጆቹ እጅ ቀስ በቀስ ስለወጣ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ እዚህ ላይ የምደብቀው ነገር የለኝም።

እኔ ለንደን የገባሁት በ2007 መጨረሻ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የተማርኩበት ኮምፕረሄንሲቭ ስሙ ቢጠራ ማንም አያውቀውም፤ አልጠራውም። እንግሊዝኛዬ "ማይ ኔም ኢዝ" ላይ ያበቃ ነበር። ስለዚህ በሁሉም ትምህርት የመጨረሻው ቡድን ውስጥ ከተቱኝ፤ እነሱ ቦተም ሴት ይሉታል። ለእናቴ "ቦተም ሴት ነው ያለሁት" ስላት ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል መስሏት እግዚአብሔርን አመሰገነች። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሰባተኛ ክፍል እኩልታ ስፈታ የነበርኩት ልጅ ከዚያ ክፍል ውስጥ ክበብ ለአራት ከፍዬ አንዱን ቀለም እቀባለሁ።

ከጎኔ ሞቃዲሾ ተወልዳ በሆላንድ አገር በኩል የመጣች ልጅ ነበረች። ስሟን አልጽፍም። በሒሳብ ከእኔ ትበልጣለች፤ ይህንን ለትሕትና አይደለም የምለው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሳይጨርስ መልሱን ደብተሯ ጥግ ላይ ትጽፍና በእጇ ትሸፍነዋለች። አንድ ሳምንት መምህራችን ታምሞ ተተኪ መጣ። ተተኪው የእኔን ደብተር አየ፣ የሷን አላየም፤ በእጇ ሸፍናው ነበር። በሁለተኛው ቀን "ነይ" ብሎ ደረጃውን አወጣኝና ሁለተኛው ቡድን ክፍል በር አንኳኳ። አለቀ። ሃያ ሦስት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

እሷ እዚያው ቀረች። ያኔ የሒሳብ ጂሲኤስኢ ሁለት ዓይነት ወረቀት ነበረው። ታችኛው ወረቀት ላይ አንድም ሳትስት መቶ ከመቶ ብታመጣ እንኳ ከፍተኛው ውጤትህ ሲ ነው። የመጨረሻው ቡድን ልጆች የሚፈተኑት ያንን ነው። በ2011 ውጤት ስንቀበል ሲ አመጣች። ከዚያ በላይ ወረቀቱ ላይ የለም። ሒሳብ ኤ ሌቨል ልማር ብላ ስትጠይቅ "በሲ አንቀበልም" ተባለች። እኔ ተቀበሉኝ።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ "አየሽ! ራስሽ መሰከርሽ፣ ኮምፕረሄንሲቭ ልጅ ያበላሻል" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይ። ያቺን ልጅ የበደላት እኮ በአንድ ጣሪያ ሥር ተደብቆ የቀረው ኢሌቨን ፕላስ ነው። ኮምፕረሄንሲቭ የውጩን አጥር አፈረሰ፤ ውስጡ ግን ብዙ ትምህርት ቤት ትንንሽ አጥር መልሶ ሠራ። ሆላንድ ፓርክ ራሱ ሲጀምር ልጆቹን በችሎታ እየደረደረ ነበር፤ ቅይጥ ክፍል የመጣው ቆይቶ ነው። እኔ ይህንን የምጠላውን ያህል አጥብቄ የምጠላው ነገር የለም። ግን ልዩነቱን እዩልኝ። እኔና ሁለተኛው ቡድን መሐል የነበረው ሃያ ሦስት ደረጃ ነው። በ1955 ቢሆን ኖሮ መሐላችን ሌላ ግቢ፣ ሌላ ዩኒፎርም፣ ሌላ የአውቶቡስ መስመር ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመት የመዛወር ዕድል በወረቀት ላይ አለ ይባል ነበር፤ የተዛወረው ግን ጥቂት ነው። ተተኪ መምህር ልጅ በእጁ ይዞ ከተማ አያቋርጥም።

ደግሞ ከሁሉ በላይ ይህ፦ እኔ የመጣሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ፈተናው አልፏል። በሩ ተዘግቷል። የጋሼ የእህታቸው ልጅ የመጣው በአሥራ አራት ነው። ባለፈው ዓመት ከሱዳን በኩል የገባው የጎረቤቴ ወንድም አሥራ አምስት ነው። እኛ እኮ ዘግይተን የምንመጣ ሕዝብ ነን! አውሮፕላኑም፣ ቪዛውም፣ ጀልባውም አሥራ አንደኛውን ልደት አይጠብቅልንም። ሁሉንም ልጅ በአሥር ዓመቱ ለይቶ የጨረሰ አገር ውስጥ ለእኛ ልጅ የሚቀረው የተራረፈው ወንበር ነው። ዘግይቶ ለመጣ ልጅ "ግባ፣ ከየት እንደምንጀምር እናያለን" የሚለው ብቸኛው ትምህርት ቤት ያ ጋሼ የናቁት ነው። ለእህታቸው ልጅም ያደረገለት ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ የጋሼን ቤት መብራት የዘረጋው እሱ ነው።

"ግራመር ስኩል እኮ የድሀን ልጅ ያወጣል" ይባላል። አንዳንዱን አውጥቷል፣ አልክድም። ግን በ1954 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት ሳይቀር ግራመር የገቡ የጉልበት ሠራተኛ ልጆች ብዙዎቹ ሳይጨርሱ እንደሚያቋርጡ አሳይቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ ግራመር ስኩል ውስጥ ነፃ ምሳ የሚያገኙ ድሀ ልጆች ቁጥር ከአካባቢያቸው ትምህርት ቤቶች እጅግ ያነሰ መሆኑን የመንግሥት የራሱ አኃዝ ይናገራል። ታዲያ ማንን ነው የሚያወጣው? በሌላ በኩል ማዕከላዊ ለንደን ውስጥ አንድም ግራመር ስኩል የለም። በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ስሙ የጠፋ ነበር፤ ዛሬ የድሀ ልጅ ከመላ እንግሊዝ የተሻለ ውጤት የሚያመጣው እዚያ ነው። ጋሼ ከላድብሮክ ግሮቭ ቤክስሊ ሲሄዱ የሸሹት ያንን ነው። የከተማው ትምህርት ቤቶች መሻሻል ሲጀምሩ ዕቃቸውን ጭነው ወጡ።

እናቴ የምትለኝ ሌላ ነው። "እሺ፣ ፖለቲካሽን ያዢ፤ ሕፃኗ ምን አደረገች? አንቺ ባታስጠኛት ሌላው ያስጠናታል፤ ፈተናው እንደሆነ አይቀር።" ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። እውነቷን ነው። እኔ እምቢ ስላልኩ ቤክስሊ ኢሌቨን ፕላስን አይሰርዝም። ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ክርስትናው ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የመለማመጃ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር፣ ሌሎቹ ልጆች ጓሮ ኳስ ሲጫወቱ። አንድ ጥያቄ አሳየችኝ፤ ከአምስት ቅርጾች የማይመስለውን ለዪ ይላል። "ይሄንን ማን ይጠቀምበታል?" አለችኝ። አልመለስኩላትም።

ልጅቷ ብታልፍ እልል እላለሁ። ግን እኔ በሰዓት ተከፍሎኝ አንዷን ልጅ ከሌላዋ ቀድማ በሩ ውስጥ እንድትገባ ሳሠለጥን፣ አስጠኚ የሌላት ከጎኗ የምትቀመጠውን ነው ወደ ውጭ የምገፋው። ወንበሩ የተቆጠረ ነው። ያቺ ሌላዋ ደግሞ መልሷን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ለጋሼ ባለፈው ሳምንት ደውዬ አንድ ነገር ነግሬአቸዋለሁ። ፈተናው መስከረም ላይ ያልፋል፣ ውጤቱ ይመጣል። ከዚያ በኋላ፣ ግራመርም ትግባ ኮምፕረሄንሲቭ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሰዓት ሒሳብ አስተምራታለሁ፤ በነፃ። ከክፍሏ ጓደኛ ይዛ ብትመጣም ቤቴ ወንበር አለ። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና "እናትሽን አናግሪያት" ብለው ዘጉት።